ክለብ ሜዳውን ሲለቅ ምን ይዞ ይወጣል?

አንድ ነጋዴ ሒሳቡ ሲዛባበት በመጀመሪያ ከሚያነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የሱቁ ነገር ነው። ኪራዩ ከብዶ ይሆን? ቦታው ለደንበኛ አልመች ብሎ ይሆን? ወደ ሌላ ሰፈር ቢዛወርስ? እያለ ያወጣል ያወርዳል። የእግር ኳስ ክለብም እንዲሁ ነው። የተጫዋች ደመወዝ ሲወዘፍ፣ ውጤት ሲጠፋና ተመልካች ሲሳሳ «ከዚህ ሜዳ እንውጣ» የሚል ሐሳብ በቦርድ ስብሰባ ላይ ብቅ ይላል።

ጥያቄው በውጭ አገር ብቻ የሚነሣ ይመስላል እንጂ በኢትዮጵያም ከተነሣ ቆይቷል። እንዲያውም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በየከተማቸው መጫወታቸውን ትተው በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ መወዳደር ጀምረዋል። ስለዚህ «ሜዳ መልቀቅ ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጉዳይ የክለብ መሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በስታዲየም ዙሪያ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ለከፈተና ለመክፈት ለሚያስብ ባለሀብት ሁሉ የኪስ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ «የራስ ሜዳ» የሚባለው ነገር በሒሳብ ቋንቋ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ሜዳ ማለት ገበያ ነው

ከገነተ ማርያምና ከሌሎች የላስታ መንደሮች ገበሬው እህሉንና ከብቱን ይዞ ለላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚነሣው ማስታወቂያ አንብቦ አይደለም። ቅዳሜ ገዥ እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው። ገዥውም ሻጭ እንደሚኖር ስለሚያውቅ ይመጣል። ገበያው የቆመው በዚህ የሁለት ወገን ዕውቀት ላይ ነው። ዕውቀቱ የተገነባው በብዙ ዘመን ስለሆነ፣ ገበያው በድንገት ከቦታው ወይም ከቀኑ ቢነሣ ሻጩ አንድ ቦታ፣ ገዥው ሌላ ቦታ ይቀራሉ።

የክለብ ሜዳም እንደዚሁ ነው። ደጋፊው እሑድ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሻይ አፍዪዋ፣ ቆሎ ሻጩ፣ ባለ ባጃጁ፣ የመለያና የባንዲራ ነጋዴው፣ ሥጋ ቤቱና ሆቴሉም ያውቃሉ። ከዚህ ስብስብ የሚገኘው ገቢ ግን በሦስት የተለያዩ ኪሶች ውስጥ የሚገባ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የክለቡ ኪስ ነው፤ የመግቢያ ትኬት ሽያጭ በዚህ ይገባል። ሁለተኛው በሜዳው ዙሪያ ያለው የነጋዴ ኪስ ነው። ሦስተኛው ከነጋዴው ግብርና ኪራይ የሚሰበስበው የከተማው አስተዳደር ኪስ ነው። አንድ ክለብ «ሜዳው አላዋጣኝም» ሲል የሚያየው የመጀመሪያውን ኪስ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኪስ በክለቡ መዝገብ ላይ አይታዩም። ክለቡ ሲወጣ ግን አብረው ይደርቃሉ። ብዙ የተሳሳቱ ውሳኔዎች የሚመነጩትም ከዚሁ የመዝገብ መለያየት ነው።

ወልድያ፦ ሜዳው ኖሮ ሊጉ የሄደበት ከተማ

ከገነተ ማርያም በኩልመስክ አድርጎ ወደ ታች የሚጓዝ ሰው ወልድያ ሲደርስ ለከተማው ስፋት ተለቅ ያለ ስታዲየም ያያል። በሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ወጪ ተሠርቶ በስማቸው የተሰየመው ይህ ስታዲየም የተመረቀው በጥር 2009 ዓ.ም. ሲሆን 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። የወጣበት ገንዘብም ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ነው። በዚያው ዓመት ወልድያ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ይወዳደር ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከመቐለ ከተማ ጋር ሊያደርግ የነበረው ጨዋታ በተነሣው ሁከት ሳይደረግ ቀረ። ክለቡም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ ኮሮና፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጣ፤ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ከተያዙት ከተሞች አንዷ ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የላሊበላን የቱሪስት ገበያ እንደጎዳው ሁሉ የስፖርቱንም እንቅስቃሴ ጎድቷል።

የወልድያ ታሪክ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ስታዲየም በራሱ ገቢ አያመጣም። ገቢ የሚያመጣው የጨዋታ መርሐ ግብር፣ ሰላምና ሰው አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግማሽ ቢሊዮን ብር የወጣበት ኮንክሪት ዝም ብሎ ይቆማል።

ሒሳቡ ሲሰላ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው። 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያለው ክለብ በአማካይ 10 ሺህ ተመልካች ቢያገኝና ትኬቱ 50 ብር ቢሆን፣ ከአንድ ጨዋታ 500 ሺህ ብር ይሰበስባል። 16 ክለቦች ባሉበት ሊግ አንድ ክለብ በሜዳው 15 ጊዜ ስለሚጫወት የዓመቱ ድምር 7 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል።

ወጪውን ደግሞ እንይ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ስምምነት ተደርጎ ነበር። 25 ተጫዋቾች ሁሉም ጣሪያውን ቢያገኙ የዓመቱ ደመወዝ 15 ሚሊዮን ብር ነው። እንግዲህ ስታዲየሙ ግማሹን እንኳ ሳይሞላ የትኬት ገቢ የደመወዙን ግማሽ ይሸፍናል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. በክለቦቹ ባለቤትነት የተቋቋመው የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የስርጭት መብቱን ለዲኤስቲቪ ሱፐርስፖርት ለ5 ዓመት ሲሸጥ ዋጋው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። 4 ሚሊዮኑ ለ5 ዓመትና ለ16 ክለብ እኩል ቢካፈል ለአንድ ክለብ በዓመት የሚደርሰው 50 ሺህ ዶላር ነው። ውሉ በተፈረመበት ጊዜ በነበረው የባንክ ምንዛሪ ይህ 2 ሚሊዮን ብር አካባቢ ይሆናል። ለክለቦቹ አዲስና መልካም ገቢ ነው፤ በምሳሌው ስሌት ግን ከትኬት ከሚገኘው የአንድ ሦስተኛ ያህል እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የኢትዮጵያ ክለቦች በትኬት ኖረው አያውቁም፤ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው» የሚል። እውነትነት አለው። ብዙዎቹ ክለቦች የበጀት ጥገኞች ናቸው። ይሁን እንጂ በጀት የሚመድበው ምክር ቤትም ሆነ ስሙን በመለያ ላይ የሚያጽፈው ስፖንሰር ገንዘቡን የሚያወጣው ሕዝብ አለ ብሎ ነው። ሕዝቡ ከሜዳው ሲጠፋ በጀቱን ለመከላከል የሚቆም አይኖርም። የቢራ ፋብሪካዎች ስፖንሰርነት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከተጠበበ ወዲህ ደግሞ ክለቦች ሌላ ስፖንሰር ለመሳብ ከሕዝብ የተሻለ የሚያሳዩት ንብረት የላቸውም።

እንግሊዞቹ ለምን ይወጣሉ?

«አርሰናል ሃይበሪን ለቆ አልተጠቀመም ወይ?» የሚል ክርክር በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ስለዚህ የእንግሊዝን ልምድ ማየቱ ተገቢ ነው።

አርሰናል ከእ.ኤ.አ. 1913 ጀምሮ የተጫወተበትን ሃይበሪን በ2006 ለቆ በአቅራቢያው ወደሠራው ኤምሬትስ ሲገባ የመቀመጫው ብዛት ከ38 ሺህ ወደ 60 ሺህ ከፍ አለ። አሮጌው ሜዳ ደግሞ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኖ ተሸጠ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይሏል። ክለቡ የሸጠው የራሱን መሬት ነው፤ የሄደውም ደጋፊው በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነው።

ዌስት ሃም ከ1904 ጀምሮ የኖረበትን አፕተን ፓርክን በ2016 ለቆ ወደ ለንደን ኦሊምፒክ ስታዲየም ሲዛወር የገባው በ99 ዓመት ውል ተከራይ ሆኖ ነው። በመቀመጫ ብዛት ተጠቅሟል። በአሮጌው ሜዳ ዙሪያ በጨዋታ ቀን ይኖሩ የነበሩት ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ግን ደንበኛቸውን በአንድ ክረምት አጡ። ሁለተኛው ኪስ የሚባለው ይህ ነው።

ለተቸገረ ክለብ ዋናው ትምህርት ያለው ግን በብራይተን ታሪክ ውስጥ ነው። ብራይተን ከ1902 ጀምሮ የተጫወተበትን ጎልድስቶን ሜዳ በዕዳ ተይዞ ለግንባታ ባለሀብቶች ሸጠና በ1997 ወጣ። የሚሄድበትን ሳያዘጋጅ ስለወጣ ለሁለት ዓመት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በጊሊንግሃም ተጫወተ። ቀጥሎም እስከ 2011 ድረስ ለአትሌቲክስ በተሠራ ትንሽ ሜዳ ቆየ። የራሱ የሚለውን ስታዲየም እስኪያገኝ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ሜዳውን የሸጠበት ገንዘብም ከችግር አላወጣውም።

ዊምብልደን ደግሞ ከዚህ የባሰ ደርሶበታል። በ1991 ፕላው ሌን የሚባለውን ሜዳውን ለቆ በሌላ ክለብ ስታዲየም ተጠግቶ ኖረ፤ በ2003 ጭራሽ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ደጋፊው ግን አልተከተለውም። በ2002 የራሱን አዲስ ክለብ ከታችኛው እርከን ጀምሮ አቋቋመ። ይህ የደጋፊዎች ክለብ በ2020 ወደ ፕላው ሌን ተመልሷል። ክለቡ ሲሄድ ገበያው እዚያው ቀረ፤ ገበያውም ሌላ ክለብ ወለደ ማለት ነው።

የቅርቡ ኤቨርተን ነው። ከ1892 ጀምሮ የኖረበትን ጉዲሰን ፓርክን የወንዶቹ ቡድን በ2025 ለቆ 52 ሺህ ያህል ሰው ወደሚይዝ አዲስ ስታዲየም ገባ። አሮጌው ሜዳ ግን አልፈረሰም፤ ለሴቶቹ ቡድን ተሰጠ። የአካባቢው ነጋዴ እንደ ቀድሞው ባይሆንም የጨዋታ ቀን አልጠፋበትም።

በኢትዮጵያ የሚሸጥ መሬት የለም

በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል ያለው መሠረታዊ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ ክለብ በከተማ መሐል ያለ መሬቱን በውድ ሸጦ ገንዘቡን ለአዲስ ግንባታ ወይም ለዕዳ ሊያውለው ይችላል። ሜዳ የመልቀቅ ዋናው የገንዘብ ምክንያትም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የከተማ ቦታ የሚያዘው በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ደግሞ የስታዲየሙ ተጠቃሚ እንጂ ባለይዞታ አይደሉም።

ከአለት የተፈለፈለው የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአለቱ ተነጥሎ ሊሄድ እንደማይችል ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ክለብም የሜዳውን ዋጋ ከከተማው መሬት ነጥሎ ይዞት አይሄድም። ሜዳው ለሌላ ግንባታ ቢውል የሊዙ ገንዘብ የሚገባው ለከተማው አስተዳደር ነው። ክለቡ ይዞት የሚወጣው ነገር ቢኖር መለያውንና ዕዳውን ብቻ ነው።

ስለዚህ በዕዳ የተያዘ የኢትዮጵያ ክለብ «ሜዳ ልቀቅና ዳን» ቢባል፣ ምክሩ ከእንግሊዝ የተቀዳ እንጂ ለእርሱ የተሰፋ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆንበታል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ማን ተጠቀመ?

ጨዋታዎችን በተመረጡ ከተሞች ማካሄድ የተጀመረው በኮሮና ምክንያት ነበር። የ2012 ዓ.ም. ውድድር ተሰርዞ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሄደ። ለቴሌቪዥን ቀረጻ ተመቸ፤ በየሳምንቱ አገር አቋርጦ መጓዝም ቀነሰ። የጸጥታውም ጉዳይ ሲታሰብ አሠራሩ ከኮሮና በኋላም ቀጠለ።

ሒሳቡ ሲታይ ግን ወጪው ጠፍቶ አይደለም፤ ቦታውን ቀይሮ ነው። ቡድኑ ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣል፤ የአልጋና የምግብ ሒሳብ ይከፍላል። በአስተናጋጅ ከተሞች ያሉ ባለ ሆቴሎች በዚህ ተጠቅመዋል፤ የሚያስወቅሳቸውም ነገር የለም። የጎንደር ወይም የሌላ ከተማ ነጋዴ ግን የጨዋታ ቀን ገበያውን አጥቷል። ባጭሩ የየከተማው የሜዳ ገቢ የጥቂት ከተሞች የሆቴል ገቢ ሆኗል። ክለቡም በሁለት በኩል ተጎድቷል፤ ትኬት አይሸጥም፣ ሆቴል ይከፍላል።

መልቀቅ ግድ ሲሆን

ሜዳው ራሱ ብቁ ሳይሆን ሲቀር ግን መልቀቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ዋናው ምሳሌ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና የጋራ መጫወቻ ሆኖ የኖረው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ስታስተናግድ ያገለገለ፣ በ1954ቱም የፍጻሜ ጨዋታ የግብጹ ቡድን 4 ለ 2 የተሸነፈበት ሜዳ ነው። በሥሩና በዙሪያው የተደረደሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶችም ከጨዋታው ጋር የኖሩ ናቸው። ይሁንና ሜዳው የካፍን መስፈርት ሳያሟላ ቀርቶ ለእድሳት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳር ስታዲየምም ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ታገደ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ያንኑ የጥንት ተጋጣሚውን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ «በሜዳው» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ግን በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ድሉ የኢትዮጵያ ሆነ፤ የሆቴሉ፣ የታክሲውና የሻዩ ሽያጭ የማላዊ ሆነ። መጠገን በነበረበት ጊዜ ያልተጠገነ ሜዳ በኋላ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዲህ ያለ ነው። የእድሳት ወጪ ሲነሣ «ውድ ነው» የሚል ሁሉ ይህንንም ወጪ ደምሮ ማየት ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አንድ የተቸገረ ክለብ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት ማለት ይቻላል።

1ኛ/ የሚሄድበት ሜዳ ዛሬ ተዘጋጅቷል ወይ? «ይሠራል» በሚል ተስፋ ብቻ የወጣው ብራይተን 14 ዓመት ተንከራቷል።

2ኛ/ በአዲሱ ቦታ የሚኖረው መብት ምንድን ነው? የይዞታ ወይም የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል በጽሑፍ ከሌለው ነገ «ውጣ» ሊባል ይችላል።

3ኛ/ ደጋፊው ደርሶ መመለስ ይችላል ወይ? ለትኬቱ ከሚከፍለው ይልቅ ለትራንስፖርቱ የሚከፍለው ከበዛ፣ ክለቡ ሜዳ ሳይሆን ደንበኛ ቀይሯል ማለት ነው።

ለሦስቱም አዎንታዊ መልስ ያለው ክለብ ሊሄድ ይችላል። ለአንዱ እንኳ መልስ ያጣ ግን ባለበት ሆኖ የሚያዋጣውን ቢፈልግ ይሻለዋል። የዓመት ትኬት አስቀድሞ መሸጥ አንዱ መንገድ ነው። ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምቶ በስታዲየሙ ሥር ካሉ ሱቆች ኪራይ ለክለቡ ድርሻ እንዲደርሰው ማድረግም ሌላው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኪስ ከክለቡ የሚያገኙትን ጥቅም ያህል በመጠኑ ለክለቡ ቢመልሱ የሚጎዳ ወገን የለም።

በወልድያም ቢሆን ጥያቄው ሜዳውን ስለመልቀቅ አይደለም፤ ሜዳው ሰው የሚያገኝበትን ሰላምና መርሐ ግብር ስለመመለስ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የሰሜን ወሎን ተመልካች ከወልድያ ሜዳ የተሻለ የሚሰበስብ ሌላ ሜዳ የለም። በስታዲየም ዙሪያ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብትም ከመቀመጫው ብዛት ይልቅ ሊመለከተው የሚገባው በዓመት ስንት ጨዋታ በዚያ እንደሚካሄድና ውሉን ማን እንደፈረመው ነው።